ያልመለስኩት «ደህና እደሩ»

ራዲዮ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞር በመካከል የሚያሰማውን የ«ሽሽሽ» ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የገብስ ዱቄት በወንፊት የሚነፋ ይመስለኝና፣ ከዘመሮ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በነበረው የድንጋይ ቤታችን ውስጥ የሱፍ ባና ተከናንቤ ራሴን አገኘዋለሁ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ዕድሜዬም ከስድስት ዓመት አይበልጥም ነበር። በዚያ ዕድሜ ከተያዘ ትዝታ የትኛው በዐይን የታየ፣ የትኛው ኋላ ከሰው የተሰማ እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነውና፣ የተጠራጠርኩትን ተጠራጥሬያለሁ እያልኩ እጽፋለሁ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴ ታማ በተኛችበት በጋ፣ ትጽናናበት ብሎ በቆዳ የተለበጠ ራዲዮ ገዝቶ አመጣላት። ከፊቱ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የመስታወት መስኮት ነበረችው፤ ሲከፈት ቢጫ ብርሃን ይሞላባት ነበር። ማታ ማታ በእናቴ ጎን ተኝቼ፣ ያችን መስኮት እያየሁና የተናጋሪውን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ተናጋሪው ስርጭቱን ፈጽሞ «ደህና እደሩ» ይል ነበር። እናቴ ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት ነውር መሆኑን አስተምራኝ ስለነበር፣ ሁለታችን በአንድ ድምፅ «ደህና እደሩ» ብለን እንመልስለትና እንተኛ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሕመሟ ስለጸናባት፣ አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስዷት አስታማሚ ሆኖ እዚያው ቀረ። እኔን ቤታችን መጥተው ለሚጠብቁኝ ለአክስቱ ለእማሆይ አመተ ጽዮን አደራ ሰጥቶ፣ ራዲዮውን ከመደቡ ራስጌ አኖረልኝና «ድምፁ የሚመጣው እኛ ከምንሄድበት ከአዲስ አበባ ነው» አለኝ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ አንዲት ቃል የራሴን እምነት ሠራሁ። እናቴ በዚያው ሰዓት ያንኑ ድምፅ ትሰማለች፣ የእኔም መልስ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይደርሳታል ብዬ አመንኩ። አንድ ማታ ሳልመልስ የተኛሁ እንደሆነም የምትሞት ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እማሆይ ተቸገሩ። ራዲዮው መዝፈን ሲጀምር ማዞሪያውን መንካት ይፈሩ ስለነበር፣ ነጠላቸውን አውልቀው ያለብሱትና ዘፈኑ እስኪያልቅ ፊታቸውን አዙረው ይቀመጡ ነበር። ጎረቤታችን አያ ጥላዬ በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ፣ «እማሆይ፣ በጾም? ያውም መነኩሴ ካለበት ቤት?» ብሎ ቢያሾፍባቸው፣ «የሚዘፍነው ሳጥኑ ነው፤ እኔ ልጅ እያስተኛሁ ነው» አሉት።

ከፋሲካ በኋላ የራዲዮው ድምፅ መስለል፣ የመስኮቷም ብርሃን መደብዘዝ ጀመረ። የባትሪ ድንጋዮቹ ፀሐይ ሲመታቸው ነፍስ ይዘራሉ ስለሚባል፣ በየጠዋቱ እያወጣሁ በግቢው ካብ ላይ እደረድራቸውና ዶሮ እንዳይነካቸው ስጠብቅ እውል ነበር። «አንተ የጸሐፊው ልጅ፣ ሰው ገብስ ያሰጣል፣ አንተ ድንጋይ ታሰጣለህ?» ይለኝ ነበር አያ ጥላዬ። ሐምሌ ሲገባ ግን የሚያሞቃቸው ፀሐይ ጠፋ፤ ወንዞቹ ሞልተው ነጋዴ ስለቀረም አዲስ ድንጋይ ከዘመሮ ሱቅ አልተገኘም። ራዲዮው ዝም አለ። የጨለመችውን መስኮት ታቅፌ እያለቀስኩ ስንት ሌሊት እንዳነጋሁ አላውቅም።

ከዕለታት በአንዱ ማታ እማሆይ ጸሎታቸውን ጨርሰው ከራስጌዬ ተቀመጡ፤ ማዞሪያ የሚዞር ለማስመሰል በምላሳቸው «ቀጭ» አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ ከጓሳ በኩል ጉም ወርዶ ውሏል። የጥላዬ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንዱ ጥቁር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ዛሬም ሲያፈስ ውሏል። የዕለቱ ወሬ ይኸው ነው፤ ደህና እደሩ።»

«ስለ እናቴስ?» አልኳቸው።

«የመጣ ወሬ የለም፣ ልጄ» አሉኝ።

«እርስዎ ራዲዮ አይደሉም!»

«አለመሆኔንማ አውቃለሁ። ግን የእኔ ድንጋይ አያልቅም።»

ባናውን እስከ ራሴ ስቤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ራዲዮው ስለ እናቴ ምንም ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን አላውቅም ብሎኝም አያውቅም። እማሆይ እውነቱን በመናገራቸው የጠላኋቸው ይመስለኛል። በማግስቱም በዚያው ሰዓት «ቀጭ» አሉ፤ በሠልስቱም። ትዝታዬ ክረምቱን በሙሉ ነበር ይለኛል፤ ምናልባት ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይሆናል። አንድ ጊዜ እንኳ አልመለስኩላቸውም፤ ሆኖም፣ ዛሬ ሳስበው፣ ወሬያቸው ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኝ የነበረባቸው ማታዎች ጥቂት አልነበሩም።

በጥቅምት እናቴ ከስታ፣ ግን ድና መጣች። አባቴ አዲስ ድንጋይ ይዞ ስለመጣ ራዲዮው እንደገና ተናገረ። እማሆይ ከዓመታት ጀምሮ ወደተመኙት ገዳም ሊገቡ፣ የአደራ ልጃቸውን እስኪያስረክቡ ብቻ ይጠብቁ ኖሯልና፣ በሳምንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ሲሰናበቱኝ ማዞሪያውን እያዞርኩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቀና ማለቴን አላስታውስም።

በዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ እናቴን «ማታ ማታ ስመልስልሽ ትሰሚኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ ግንባሬን ዳሰሰችና፣ «በተኛሁበት ክፍል ራዲዮ አልነበረም፣ ልጄ» አለችኝ። እንግዲያው በዚያ ዓመት ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ ተብሎ የተነገረው ደህና እደሩ የእማሆይ ነበር። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ፣ ዕረፍታቸው ከገዳሙ ከተሰማ በኋላ ነው።

ዛሬ የልጅ ልጄ ያለ ስልኩ እንቅልፍ አይወስደውም። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲርገበገብ ወላጆቹ ይቆጡታል፤ እኔ ልቆጣው አልደፍርም። የእኔ ሳጥን ማታ ተሰናብቶ ዝም ይል ነበር፤ የእሱ አይሰናበትም፣ ድንጋዩም አያልቅም። ወደ መኝታዬ ከመሄዴ በፊት ከክፍሉ ገብቼ፣ የዋልንበትን ጥቂት ነግሬው «ደህና እደር» እለዋለሁ። ጆሮውን በማዳመጫ ስለደፈነ አይመልስልኝም፤ እኔም አልቀየመውም። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ከበሩ አጠገብ ጥቂት እቆማለሁ። እማሆይም እንዲሁ ይቆሙ ነበር ይሆን? አላውቅም፤ ፊቴን ሸፍኜ ነበር።