ስምንቱን በአንድ ሰላምታ

ፍኖተ ሰላም የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በጠባቡ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ እንኖራለን፤ በሰፊው ጫጩቶች ይኖራሉ። ሰፊው ያለ ነገር አልተሰጣቸውም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ያላትን ሁሉ ያፈሰሰችው እነሱ ላይ ነው። ካደጉ እኔ ከተማ ቀርቼ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ። ካለቁ ከሽንዲ ማዶ፣ ገጠር፣ አጎቴ ዘንድ እንገባለን፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ይህን በቤታችን ማንም ደጋግሞ አይናገረውም፤ ግን አንዲት ጫጩት ባነጠሰች ቁጥር ሦስታችንም ቀና እንላለን።

ጫጩት ብርድ አይችልም። ሲበርደው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። ስለዚህ ቡሬ ኤሌክትሪክ የሚማረው ወንድሜ አንድ ሣጥን ሠራ። በክፍሉ ዙሪያ፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ስምንት የሙቀት ሴንሰር እንደ መቁጠሪያ ደረደረ። ሣጥኑ እነሱን እየጠየቀ አምፖሎቹን ያበራል፣ ያጠፋል። መጀመሪያ የሠራ ቀን ጮቤ ረገጥሁ! የየጥጉ ሙቀት በሣጥኑ ትንሽ መስኮት ላይ በቁጥር ሲመጣ ግድግዳው የሚያወራኝ መሰለኝ።

እናቴ ግን ፈራች። «ወለሉ ሰጋቱራ ነው፤ ቤቱ የሰው ነው። እንዳታነድብኝ» አለችው። እሱም ከአርባ ዲግሪ የሚበልጥ ቁጥር ከመጣ አምፖሎቹ በሙሉ እንዲጠፉ፣ ሰው የሣጥኑን ቁልፍ ተጭኖ ካልፈቀደም እንዳይበሩ አደረገላት።

ችግሩ፣ ሣጥኑ ደንቆሮ ነበር። አንዱ ሴንሰር ለክቶ እስኪጨርስ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሣጥኑ ደግሞ አንዱን ጠይቆ፣ ቆሞ ጠብቆ፣ መልሱን ተቀብሎ ነው ወደ ቀጣዩ የሚሄደው። ስምንቱን እስኪያዳርስ ቁልፉን ብትጫኑት አይሰማም።

«ይኸ ሣጥንህ ሰርግ ቤት የገባ ሽማግሌ ነው እንዴ?» አለች እናቴ፣ አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደሆነ። «አንተ እንደምን ዋልህ፣ አንቺ እንደምን ዋልሽ እያለ ዳሱን እስኪጨርስ እኔ እዚህ ልድረቅ?»

ወንድሜ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ድንገት አቋረጠው። ልጅ ሳለ ዲያቆን ነበር።

«ቄሱ እኮ እንደሱ አያደርጉም! ‹ሰላም ለኵልክሙ› ይላሉ፣ በቃ። ሕዝቡ ሁሉ ባንድ አፍ ‹ምስለ መንፈስከ› ይላል።»

«ታዲያ ለሣጥን ልትቀድስለት ነው?»

«ለስምንቱም ባንድ ጊዜ ‹ለኩ› እላቸዋለኋ! አብረው ይለካሉ። ከዚያ ቁጥሩን ከየአንዳንዱ ማንሳት ብቻ ነው፤ እሱ ጊዜ አይፈጅም።»

በዚያው ከሰዓት ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈው። መጠበቂያ የተባለውን ሁሉ ጎልጉሎ ጣለው። ቁልፉ ገና ሲነካ ሣጥኑ ይሰማል። እናቴ ያለ ጉዳይ ደጋግማ ተጫነችው፣ ስለታዘዘላት ብቻ። ሳቅን።

በማግሥቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበረኝ። ሰኔ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ያካፋል። ወንድሜ ወደ ቡሬ ተሳፈረ፤ እናቴ በሣጥኑ ተማምና ገበያ ወጣች። እኛ እየተፈተንን ሳለ መብራት ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ መጣ። አናታችን ላይ ያለው አምፖል ሲበራ ተማሪው በሹክሹክታ «እሰይ» አለ። እኔም አልሁ።

ቤት ስደርስ ከበሩ ውጭ ዝምታው ተሰማኝ። ጫጩት ያለበት ቤት ዝም አይልም። አምፖሎቹ ጠፍተዋል። የሣጥኑ መስኮት ግን በርቶ፣ ሁሉም ጥግ ላይ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ይላል። እኔ በነጠላ ተጠቅልዬ የምንቀጠቀጥበት ክፍል! ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ከላይ ያሉትን ሳነሳ ከሥር ያሉት እንደ እርጥብ ጥጥ ነበሩ።

እናቴ መጣችና ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ አየች።

«ሙቀት ነው ይላል?»

«አዎ።»

«ይላል እንጂ» አለች።

ምክንያቱን ወንድሜ ከቡሬ ተመልሶ አገኘው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ ሴንሰሩ ሳይለካ ከተነበበ የሚሰጠው ቁጥር ሰማንያ አምስት ነው፤ «ገና አልለካሁም» ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ከቄሱ አፍ ተቀብሎ ወዲያው ይመልሳል። ሴንሰር እንደዚያ አይደለም፤ ‹ለኩ› ከተባለ በኋላ ለክቶ እስኪጨርስ መጠበቅ አለበት። ወንድሜ ግን ስምንት ጊዜ መጠበቁ ቀረ ብሎ አንድ ጊዜውንም አብሮ ጣለው። ሲሞክረው ደግሞ መብራት አልጠፋም፤ ሴንሰሮቹ የቀድሞ ቁጥራቸውን ይዘው ስለነበር ልክ መሰለው። ሣጥኑ ሰማንያ አምስት ሲሰማ ቤት የተቃጠለ መስሎት አምፖሎቹን አጠፋና ፈቃድ ይጠብቅ ጀመር። ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ቤት አልነበረም።

ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመረ፤ ‹አንዴ ጠብቅ› የሚል። ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ቁጥሮቹ ሳይዘገዩ መጡ፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። የባዶ ክፍል ሙቀት። ልክ ነበር።

«አሁን ይሠራል፣ እማዬ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ።

«ይሥራ» አለች። ሰጋቱራውን እየጠረገች ነበር። «ለተረፉት ካርቶን ፈልጉ። አንድ ይበቃቸዋል። መኪና ላይ አየር እንዲያገኙ ብሱት።»

ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቅኋትም። ከፈተና በተረፈው እርሳሴ ካርቶኑን መብሳት ጀመርሁ።