ነስሩ ሳይጠይቅ የገዛቸው ድራይቨሮች

ዲላ ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ፣ ቴሌቪዥን አልበራ ሲል፣ ሰው የሚሄደው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የነስሩ ሱቅ ነበር። ነስሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ሽቦ ሲበጥስና ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። «በኤሌክትሪክ ነገር ነስሩን የሚያህል የለም» ሲባል መስማት ለምዶ ነበር፤ እውነትም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. አብሮ አደጉ ፈይሰል ማሽን ሠራ ተባለ። ፈይሰል በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። የሠራው ማሽን ኮምፒዩተር ላይ የተሳለውን ነገር እንጨት ላይ በራሱ ይቀርጻል ሲባል ነስሩ አላመነም። ሄዶ ቢያይ ግን፣ በር ላይ ከተኮለኮለው ሰው ትከሻ በላይ፣ የዋንዛ ጣውላ ላይ አበባ ሲፈለፈል አየ።

«ኤሌክትሪኩን ማን ገጠመልህ?» አለው።

«እኔው ነኝ። እያነበብኩ፣ እያበላሸሁም ቢሆን ሆነልኝ። አንተን ላለማስቸገር ብዬ ነው።»

ይቺ «ላለማስቸገር» የምትል ቃል እንደ እሾህ ተሰካችበት። ብየዳው የፈይሰል ነው፤ ኤሌክትሪኩስ የማን ነበር? ፈገግ ብሎ «ማሻአላህ» አለና ጎንበስ ብሎ መረመረ። ሦስት ሞተሮች አሉ፤ ሳያቋርጡ የሚሽከረከሩ ሳይሆኑ እርምጃ ቆጥረው የሚዞሩ፣ ስቴፐር የሚባሉት። እያንዳንዱን የምትነዳ፣ ኤሌክትሪክ መጥና የምትሰጠው፣ አውራ ጣት የምታህል ድራይቨር አለች። ድራይቨሯ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በልቡ ያዘ። የሞተሮቹን ምልክት ግን አላነበበም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ሀዲጃ ገበያ ውላ ስትመጣ «ፈይሰልን እኮ ከተማው ሁሉ እያነሳው ነው» ብትለው፣ ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ።

የራሱን ማሽን ሊሠራ ቆርጦ አዲስ አበባ ሄደ። ሻጩ ትንንሽ ሞተሮች ሲያወጣለት «ከዚህ የሚበልጥ» አለ። ደግሞ አሳየው። «ከዚህም የሚበልጥ።» የፈይሰልን ሁለት እጥፍ የሚሆኑትን መረጠ።

«ለእነዚህ ትልቁ ድራይቨር ነው የሚሆንህ» አለ ሻጩ።

ነስሩ በልቡ የያዘውን ቁጥር ነገረው። «ይቺን ነው የምፈልገው።»

«ሞተርህ እኮ ብዙ ይስባል፣ ወንድሜ።»

«ሥራዬ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ፈይሰል በትንሿ ድራይቨር ሠርቶ እሱ ትልቁን ገዛ እንዲባል አልፈለገም። ነገሩ ይኸው ነው።

ማሽኑ ተገጥሞ ሲያልቅ ወናጎ ከተማ ምግብ ቤት ያላት እትዬ የሺሃረግ በስሟ የተቀረጸ ሰሌዳ አዘዘችው። ነስሩ ሰው ጠራ፤ ፈይሰልን ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠራው። የማሽኑ ቢላዋ «የሺ» የሚለውን አሳምሮ ቀረጸ። ሰው አደነቀ፤ ነስሩም በጎን የፈይሰልን ፊት አየ። «ሃ» ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ሞተር ተንገጫግጮ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ፣ ደግሞ ቆመ። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ መቆሙን አያውቅምና ሥራውን አላቋረጠም፤ «ረግ» የሚለው «ሃ» ላይ ወጥቶ ተደራረበ። ነስሩ ድራይቨሯን ቢነካት ጣቱን ለበለበችው።

ፈይሰል ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና ሲል ለሰዉ «መብራት ወርዶ ነው» አለ። «ዛሬ እኔም ጋ እንዲሁ ሲያደርግ ነበር።»

መብራቱ ደህና ነበር። ነስሩ ያውቃል፤ ፈይሰልም ያውቃል። ቢስቅበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ወደ ፈይሰል ሄደ። «ለምን ዋሸህልኝ?»

«ሰው ፊት ምን ልበል?»

«ሞተሩ ሦስት አምፔር ይላል።»

«አይቼዋለሁ። ድራይቨሯ ደግሞ ሁለትም በቅጡ አትችል። ስትግል በራሷ ትጠፋለች፤ ስትበርድ ትነሳለች። የእኔ ሞተሮች ትንንሽ ስለሆኑ ነው የምትበቃኝ።» ፈይሰል የተቃጠሉ ሁለት ድራይቨሮች ከመሳቢያ አወጣ። «እኔም ሳልጠይቅ ጀምሬ ነው። መጀመሪያ የሞተሩን አምፔር አንብብ፤ ከዚያ እሱን ተሸክሞ አቅም የሚተርፈውን ድራይቨር ምረጥ።»

ይህ ነስሩ ለሌላ ሰው ሺ ጊዜ የሚናገረው ነገር ነበር። ቅናት ነው ዓይኑን የጋረደው። «አመሰግናለሁ» አለ።

አራት አምፔር የሚችሉትን ድራይቨሮች አስመጣ። በላያቸው ባሉት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች የኤሌክትሪኩን መጠን በሞተሩ ልክ አስተካከለ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሳይደናቀፍ ዋለ፤ የእትዬ የሺሃረግ ሰሌዳም ወናጎ ላይ ተሰቀለ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጋዴ ከፍስሐ ገነት ከተማ ትልቅ የበር ሥራ ይዞ መጣ። «ፈይሰል ነው የላከኝ» አለ። «የእኔ ማሽን አቅም የለውም፣ የነስሩ ይችላል አለኝ።»

ነስሩ ልኩን ወሰደ፣ ነጋዴውን ሸኘው። ለምሳ ቤት ሲገባ ፊቱ ተቋጥሮ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሀዲጃ። «ትልቅ ሥራ አገኘህ አይደል?»

«አገኘሁ» አለ። «ፈይሰል እኮ ነው የላከልኝ።»