ከሙዙ ጀርባ ያለው ጽሑፍ

መምህርት ማራኪ ከጎንደር ተመድባ አርባ ምንጭ ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቀይ እስክሪብቶ ልጆችን ያስደነግጣል ብላ የእንግሊዝኛ ደብተር የምታርመው በአረንጓዴ ነው። ዘንድሮ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ በስልክ የሚዞር ወሬ እንዴት እንደሚመረመር ማስተማር ጀመረች። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ሦስት ጥያቄ ጻፈችላቸው፤ ማን ላከው? በምን አወቀ? ፎቶው የት ተነሣ? የቤት ሥራቸው ቤተሰብ ስልክ ላይ የገባ አንድ መልእክት ተርጉመው መመርመር ነበር።

ዓርብ ጠዋት አሮን የአንድ ዘፋኝን መሞት የሚያወራ መልእክት አቀረበ። “ቲቸር፣ ሰውየው መሞቱን ራሱ በቴሌቪዥን አስተባብሏል” ሲል ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቀጥላ ከጫኖ መንደር የምትመላለሰው መቅደስ ተነሣች። እናቷ አገኘሽ በከተማው ሲቀላ ገበያ ሙዝ ትሸጣለች።

“የጫኖ ሙዝ በመርዝ እየበሰለ ነው፤ ለልጆቻችሁ አትስጡ፤ ለሌላም አስተላልፉ” የሚለውን፣ የሙዝ ፎቶ የተያያዘበትን መልእክት ልጅቷ በእንግሊዝኛ አነበበች።

ማራኪ መልእክቱን አወቀችው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣች፣ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳታነበው ወደ ሰፈሯ እድር የቴሌግራም ቡድን የላከችው እሷ ናት።

“ፎቶው የት ተነሣ?” ብላ ጠየቀች።

“ቦታውን አላወቅሁም። ግን ከሙዙ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ። የእኛ ፊደል አይደለም፤ የእንግሊዝኛም አይደለም። ጫኖ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም።”

“ቲቸር፣ አንደኛውን ጥያቄ ዘለሉት፤ ማን ላከው የሚለውን” አለ አሮን ከኋላ።

መቅደስ ደብተሯን ዘጋች። “እሱን አልሠራሁትም” አለች፣ ቀና ሳትል።

ልጅቷ ላኪዋን እያወቀች እንደተወችላት ማራኪ ገባት። ሆኖም ደወሉ እስኪደወል ዝም አለች። ይህ ዝምታዋ ከመልእክቱ ይበልጥ አሳፈራት። ማታውን ስህተቷን ለእድሩ ጻፈች፤ በማግስቱ ደግሞ ገበያ ወረደች።

አገኘሽ የኮባ ቅጠል ላይ ከደረደረችው ሙዝ አብዛኛው ጠቁሯል።

“ሳላጣራ የላክሁት እኔ ነኝ” አለች ማራኪ።

“ሰምቻለሁ። ደንበኛዬ ነው ስልኩን ያሳየኝ፤ ቲቸር ማራኪ ናቸው የላኩት አለኝ።” አገኘሽ የጠቆረውን እየለየች ወደ ጎን ታደርጋለች። “እርስዎ ካሉ ብዬ፣ እኔም ለትንሹ ልጄ ከራሴ ሙዝ ሳልሰጠው ሰነበትሁ።”



ሰኞ ክፍል ገብታ ሦስቱን ጥያቄዎች እንደገና ጻፈች። ከአንደኛው ሥር፣ ማን ላከው ከሚለው፣ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች። “የሙዙን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ” አለች። ማንም አልሳቀም። ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ መገልበጥ የለመዱት ሃምሳ ሁለቱ ልጆች አቀርቅረው ስሟን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፤ እሷም ጨርሰው ቀና እስኪሉ ቆማ ጠበቀች።