የእህል በረንዳ «የለም»

ከመርካቶ ወደ ሆላንድ የሄድኩት በማታ በረራ ነው። አባባ እህል በረንዳ ያለውን የእህል ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ሸኙኝ፤ ከበዓል ቀን ውጪ በጊዜ ሲዘጉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ጤፍ እንደሚወደድ ለማወቅ እስከ ሆላንድ መሄድ ነበረብሽ ሰዓዳ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። በስኮላርሺፕ የሄድኩት ገበሬውን፣ ደላላውንና ባለመጋዘኑን እንደተያያዙ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ ዋጋን አስቀድሞ የሚናገር ሞዴል ልሠራ ነበር።

ለመምጣት ለምታስቡ ልንገራችሁ፣ የሆላንድ ዝናብ እንደኛ ክረምት ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ሰዉ ደግሞ አንዴ የተናገረው ያው ነው፣ ዋጋ መከራከር አያውቅም። ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ላይ ስከራከር ሻጩ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። አከራዬን ኪራይ ቀንሺልኝ ብላት፣ «ለምን? ክፍሉ ካየሽው ወዲህ ጠበበ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ሞዴሉ አዋረደኝ። ያለፉትን ወራት ዋጋ እንዲገምት ሳዘው ጤፍ ሰማይ ነካ ይላል፤ በእውነቱ ግን ዋጋው ንቅንቅ አላለም ነበር። ፕሮፌሰሬ ለስለስ ብሎ፣ «ያለፈውን ያልገመተ የሚመጣውን ቢገምት ማን ያምነዋል? በአንድ ወር ካልተስተካከለ ስኮላርሺፕሽ አይታደስም» አለኝ። ትምህርቴን ሳልጨርስ መመለሴ ነው አልኩ በልቤ። ለአባባ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በየመጋዘኑ ስንት ኩንታል እንዳለ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ በየሳምንቱ ለነጋዴዎች እየደወለች ትጠይቅልኛለች። ‹የለም› ያለውን መጋዘኑ ባዶ ነው ብዬ ዜሮ እጽፋለሁ።»

አባባ በሳቅ ፈረሱ። «አንቺ የእህል በረንዳ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ነጋዴ ለማያውቀው ሰው በስልክ መጋዘኔ ሙሉ ነው ይላል? ‹የለም› ማለት ዋጋው እስኪወጣ ይዣለሁ ማለት ነው።»

«እና በእውነት የሌለው ምን ይላል?»

«የሌለውማ ‹ነገ ነይ› ይላል፣ ደንበኛው እንዳይሄድበት።»

አፈርኩ። እዚያው ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ! «የለም» ያሉትን ሞልቷል፣ «ነገ ነይ» ያሉትን ባዶ ነው ብዬ እንደገና አስገባሁ። የሞዴሉ ግምት ከእውነተኛው ዋጋ ጋር ተጠጋጋ። ፕሮፌሰሬ ሁለቴ አየው፤ አባባ ያሉኝን ነገርኩት።

«‹የለም› አለ ነው፣ ‹ነገ› የለም ነው። ታዲያ እንዴት ነው የምትገበያዩት?»

«በመተማመን» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ስኮላርሺፑ ለሦስት ዓመት ታደሰልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ወዲያው ደወልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አባባ። በስልኩ ውስጥ ጭነት ሲራገፍ ይሰማኛል።

«ሦስት ዓመት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባባ።»

«እስቲ ያ ሞዴልሽ እኔንም ይገምተኝ፤ እስከዚያ በሕይወት እጠብቅሽ እንደሆነ።»

ሳቁ። እኔ ግን እንደ ልማዳችን መልሼ አላሾፍኩባቸውም፤ ለበዓል የሚመልሰኝን በረራ መፈለግ ጀመርኩ።