በገጽ ግርጌ የተጻፈው ስሜ

በዘጠናዎቹ፣ እስራኤል አገር ኔታንያ ከገባን ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ የልጅ ልጄ ኮሌጅ ገብታ ታሪክ ትማር ነበር። እናቷ ሳፒር በፈረቃ ስለምትሠራ ልጅቱ ከእኔ ጋር ነበር የምትውለው። አንድ ቀን የጎንደር ሴቶች ሸክላ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ጠየቀችኝ። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ ማሰሮው እንዴት እንደሚቃጠል ነገርኋት። ያንን ለትምህርቷ ጻፈችው።

አንድ ዓርብ ከአውቶቡስ ወርዳ ፊቷን አጥቁራ ገባች።

«ምን ሆንሽ?»

«አስተማሪዋ ጽሑፌን መለሰችብኝ። የነገረኝን ሰው ሙሉ ስም ከገጹ ግርጌ ካልጻፍሁ እሑድ አትቀበለኝም። ትምህርቱን ወደቅሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ጻፊያ። ማን ነው የነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ስሜን ረሳሽው?»

«እርስዎን እንዴት በስም እጠራለሁ? እኩያዬ ነዎት? ‹እምዬ እንዳሉኝ› ብዬ ነበር የጻፍሁ።»

እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የታላቁን ስም አይጠራም፤ እኔው ነኝ ያስተማርኋት። ግን ጽሑፉን ሳገላብጠው፣ ከመጽሐፍ የወሰደችው ሁሉ ከሥሩ የጸሐፊው ስም አለ። ጭቃ ያልነካ ሰው ስሙ ሲጻፍ የእኔ ሙያ የማንም ሆኖ ይቅር?

«የሸክላውን ነገር ላውጣው» አለች።

«ታዲያ ምን ሊቀርልሽ?»



ሰንበት ሳይገባ ይዣት የሰፈሩ ልጆች በኮምፒዩተር ወደሚጽፉበት፣ ማትናስ ወደሚሉት የሕዝብ ማእከል ሄድሁ። እየጻፈች ስሜ የሚገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇን ሰብስባ ቀረች።

«ተነሽ» አልኋት።

ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ሲያስተምሩኝ ስሜን መጻፍ አውቄ ነበር። ፊደሎቹን እየፈለግሁ በአንድ ጣቴ ስሜን ከነአባቴ መታሁት።

«እምዬ፣ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ መሰሉ።»

«ስሜን የፈራሽ፣ ዶሮ ማለቱን አልፈራሽም?»

እየሳቀች አንድ ነገር ነካች፤ ስሜ አነሰ።

«ለምን ታሳንሺብኛለሽ?»

«ደንቡ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ያንሳል።»

«የፕሮፌሰሮቹስ?»

«የእነሱም እኩል ነው።»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁና አየሁ። እኩል ነው።

«እንግዲያ ይነስ» አልኋት።

እሑድ ወሰደችው፤ አስተማሪዋም ተቀበለቻት። ያችን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም። አገር ቤት ስንቱ ማሰሮዬን ገዝቶ ሲሄድ የማን እጅ እንደሠራው የጠየቀ አልነበረም። አስተማሪዋ ግን ልጅቱ ማን እንደ ነገራት ካልጻፈች አልቀበልም አለች፤ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።