ሦስት ሹራብ በነሐሴ

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ወጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እንደገባሁ ጌታቸው ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ደወለ። «ቅዳሜ መጥቼ አይሻለሁ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጉንጬ የት እንደገባ እንጃ! ወደ ቁም ሳጥኑ ሄጄ ወፍራም ሹራብ ስፈልግ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ተንኮል ለእሱ ያስተማርኩት እኔው ነኛ!

አሜሪካ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ፣ ጌታቸውና ነፍሷን ይማርና ሰብለ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበርን። ጌታቸው ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሬስቶራንት እየሠራ ጨጓራው ታሞ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሞኙ፣ በዚያ ላይ ፎቶ ተነስቶ ለእናቱ ላከ! መልሱ መጣ፦ «ልጄ፣ ምን እንደሆንክ እስካውቅ እህል አልቀምስም።» ደብዳቤውን የጻፈችላቸው እህቱ ከግርጌው «የምራቸውን ነው፣ አንድ ጉርሻ እንኳ በግድ ነው» ብላ ጨምራለች። ያ ረጅም ሰውዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«እሑድ ባሕር እንሄዳለን» አለች ሰብለ። «ወፍሮ ፎቶ ይነሳል፤ አለቀ!»

በእሷ አሮጌ መኪና ወደ ባሕሩ የሚያሻግረውን ትልቅ ድልድይ ስንሻገር መስኮቱን ከፍተን እንደ ልጅ ጮህን። ከዚያ የበቆሎ እርሻ፣ መንገድ ዳር የተከመረ ሐብሐብ፣ ደግሞ የበቆሎ እርሻ። በመጨረሻ የባሕሩ ዳር መንገድ መጣ፤ በግራ ውቅያኖስ፣ በቀኝ የተኛ ውሃ፣ መሐሉ ላይ እኛ። አስፋልቱን አሸዋ እየጠረገው ያልፋል። ቆም እያልን አየን፣ ደግሞ ነዳን። የቋጠርኩትን ቋንጣ ፍርፍር የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግተን ከነአሸዋው በላነው። እንደዚያ የጣመኝ ፍርፍር እስከ ዛሬ የለም።

ከዚያ ጌታቸውን ማልበስ ጀመርን። ሦስት ሹራብ፣ ከላይ ካፖርት።

«ኧረ ላብ ገደለኝ!»

«ዝም በል፣ አንተ አጥንት! ጉንጭህን ንፋ!» አልኩት።

«በዚህ ፀሐይ ካፖርት? እማዬ ምን ትላለች?»

«ነሐሴ አይደል? እሳቸው ዘንድ ዝናብና ብርድ ነው። ምን ይገርማቸዋል?»

በብልሃቴ ኮርቼ ፎቶ አነሳሁት። ሰብለ ከጎኔ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች።

ፎቶው ተላከ። መልሱ እስኪመጣ ሦስታችንም ጭንቅ ላይ ነበርን። ጌታቸው ፖስታውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ልጄ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ሁሉ ራቁቱን ነው። አንተን ለብቻህ ምን አበረደህ?»

ጉድ ፈላ! በዋና ልብስ የሚንጋለሉትን ፈረንጆች አንዳችንም ልብ አላልናቸውም። ማንበቤን ቀጠልኩ።

«እግርህ ሥር ግን የሁለት ሰው ጥላ አየሁ። ያለበሱህ እነሱ ናቸው አይደል? ታመህ እንኳ ቢሆን የሚያለብስህ ሰው ካለህ ይበቃኛል። ዛሬ በላሁ።»

ጌታቸው ቅዳሜ መጣ። ዛሬ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ሳመኝና ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው።

«ስንት ነው የለበስሽው?»

«አንድ።»

«ውሸታም!»

በፌስታል ያመጣውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው፤ ቋንጣ ፍርፍር ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሹራቦቹን አንድ በአንድ አወለቅኩና፣ እንደከሳሁ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በላሁ።