የአያ ኪሮስ ዓይን ደህና ነበር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስካሬን፣ ስድቤን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል፤ «የረሳሁትም ይኖራል አባ» ብዬ አልፈዋለሁ። አልረሳሁትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልረሳሁትም። እንግዲህ እናንተ የማላውቃችሁ ሰዎች ስሙኝ። ዓይኑ የሚያይን ሰው ዕውር ሆነሃል ብዬ አሳምኛለሁ። በስህተት አይደለም። እያወቅሁ፣ አስቤበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት።

ሰቆጣ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ጋራዤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እጄ ጥሩ ነበር፤ ከእጄ ይልቅ ግን አፌ ይበልጥ ነበር። ሌላው ያቃተው መኪና ተጎትቶ ወደ እኔ ከመጣ ሳምንቱን ሙሉ ወሬዬ እሱ ነው።

አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለጤና ሠራተኞች የተወው ትልቅ መኪና ነበር። ውስጧ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ነርሶቹ አበርገሌ ወርደው ክትባት ሲሰጡ ሁለት ሳምንትም ሦስት ሳምንትም እዚያው ውስጧ ነው የሚኖሩት። አገሩ ሁሉ «ቤቷ» ይላታል። ቤቷ መጣች፤ ቤቷ ወንዙ ዳር ቆማለች። ሾፌሯ አያ ኪሮስ ነበሩ።

አያ ኪሮስ ያኔ ስልሳን አልፈዋል። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ በድቁና አገልግለው፣ መሪ የጨበጡት በኋላ ነው። አፍ የፈቱት በአገውኛ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጡ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩን ያስነሱና እስኪሞቅ ድረስ የጸሎት መጽሐፋቸውን መሪው ላይ ዘርግተው ይደግማሉ። ሳይጨርሱ ማርሽ አያስገቡም። ነርሶቹ ቢቸኩሉም፣ ኃላፊው ቢቆጣም አያስገቡም።

ወደ አበርገሌ የሚወስደው የኒሯቅ መንገድ ድንጋይ ዳሽቦርዱን ሲያንቀጠቅጠው ኖሮ አንድ ቀን ፍጥነትና ሙቀት የሚያሳዩት ጌጆች ሁሉ ሞቱ። የድሮ ባለመርፌ ጌጆች ናቸው፤ መለዋወጫ ተፈልጎ ጠፋ። እኔ «በስክሪን እቀይረዋለሁ» አልኩ። ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ገጠምኩት። ፍጥነቱን፣ ናፍጣውን፣ የሞተሩን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ጠፍጣፋ መስታወት ነው። በጋራዤ ጥላ ውስጥ ሲበራ ቴሌቪዥን ይመስል ነበር። የጤና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ አየና በሰው ፊት እጄን ጨበጠኝ። «እንዲህ ያለ ባለሙያ እያለን ነው እንዴ ወልድያ የምንመላለሰው?» አለ። ያቺን ቃል ስንት ቀን እንዳመነዠኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

በአራተኛው ቀን አያ ኪሮስ መጡ።

«ደሳለኝ» አሉኝ፣ «ይሄ ነገርህ ጥላ ውስጥ እንጂ ፀሐይ ላይ አይነበብም። ብርሃን ሲያርፍበት ይጠቁራል፤ የማየው የራሴን ፊት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቴን አላውቅ፣ ዳገቱ ላይ ሙቀቱን አላውቅ። እስቲ ከላዩ ጥላ ነገር ሥራለት።»

ሦስት ደንበኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። አንዱ ስለ ስክሪኑ ሰምቶ የራሱንም መኪና ሊያስቀይር የመጣ ነው። እኔ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ «አያ ኪሮስ፣ ዕድሜዎ ስንት ደረሰ?» አልኳቸው። ሰዎቹ ሳቁ። አያ ኪሮስም ፈገግ አሉ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ለምሳ ሲሄዱ ቤቷን ወደ ፀሐይ አውጥቼ ሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እውነታቸውን ነበር። ምንም አይታይም። ዓይኔን ባጠብም፣ አንገቴን ባዘምም፣ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። መፍትሔው ስንዝር የማትሞላ ቆርቆሮ አጥፎ ከላዩ መግጠም ነበር። ለምን አልሠራሁትም? ቆርቆሮ ጠፍቶ ነው? ጊዜ አጥቼ ነው? አይደለም። ቆርቆሮውን ከገጠምኩ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈልጌ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም።

አያ ኪሮስ የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። ሙቀቱን ማየት ሲፈልጉ ዳር ይዘው ይቆሙና ጋቢያቸውን ከራሳቸው እስከ ዳሽቦርዱ ይከናነባሉ። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ «ፎቶ አንሺው» አልኳቸው፤ እንደ ድሮዎቹ ጥቁር ጨርቅ ለብሰው ፎቶ እንደሚያነሱት ማለቴ ነው። ስሙ በሁለት ቀን መናኸሪያውን አዳረሰ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ሲያልፉ «አያ፣ አንሱን እንጂ!» ይሏቸው ጀመር። ቀና ብለው አላዩዋቸውም።

ከዚያ ከኒሯቅ ሲመለሱ ረጅሙ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላ። አራት ነርሶች ነበሩ ውስጧ። አያ ኪሮስ ሽታው ሲመጣባቸው ወዲያው ነው ያቆሙት፤ ማንም አልተጎዳም። ሞተሩ ግን ተበላሸ። ቤቷ ተጎትታ መጣች። ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የስክሪኑ ነው ወይስ የሾፌሩ? የስክሪኑ ከሆነ የእኔ ነው። ይህን ለመረዳት ኮሚቴ አላስፈለገኝም።

ምርመራው እኩለ ቀን ላይ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዲሆን ያሳሰብኩት እኔ ነኝ። «ሾፌር የሚነዳው ፀሐይ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ይታይ» አልኩ። ሐቀኛ መሰልኳቸው። ጠዋት ግን ማንም ሳይደርስ ገብቼ፣ ከላዬ ጆንያ ጥዬ፣ ቁልፉን አዙሬ ስክሪኑ የሚያሳየውን ሁሉ አየሁ። ናፍጣው ከግማሽ በታች አንድ መስመር። ከተገጠመ ወዲህ የሄደችው አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር። እስኪያዘኝ ድረስ ደጋገምኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሠራተኛው፣ ነርሶቹ፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣው ሁሉ ቆሟል። እኔ በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ፣ ጠቁሮ የተዘጋውን መስታወት እያየሁ፣ ያንን ቁጥር እንደ ልብ ጠራሁት። ሰብሳቢው ኮታቸውን ከላዩ ጥለው አመሳከሩ። «ልክ ነው» አሉ። ሁለተኛው የኮሚቴ አባል ጎንበስ ብለው ቆዩና «እኔ እንኳ ብዙም አልታየኝም» አሉ። «መነጽርዎን ስላላደረጉ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ገና አንገቱን ሳያስገባ «ይታያል፣ ይታያል» አለ። ዕውር መባልን ማን ይወዳል?

ተራው የአያ ኪሮስ ሆነ። ብዙ ቆዩ። ወዲህም ወዲያም አሉ። አንድ ቁጥር ፈጥረው መናገር ይችሉ ነበር። እኔ ብሆን እፈጥር ነበር። እሳቸው ቀና ብለው «አይታየኝም» አሉ። ቀጥለውም ከኪሳቸው የጸሎት መጽሐፋቸውን አወጡ። «ዓይኔ ግን ደህና ነው። ይኸው» ብለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙና ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ሰብሳቢው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ሊያምኗቸው ነው። ያን ጊዜ ነው ያ ነገር ከአፌ የወጣው።

«አያ ኪሮስ፣ ይህማ በቃልዎ ነው። እስቲ መጽሐፉን ዘግተው ይበሉት።»

ዘጉት። አፋቸው አላቆመም። ሃምሳ ዓመት የለመደ አፍ እንዴት ያቆማል? ቃል ሳይስቱ፣ ሳይደናቀፉ ቀጠሉ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አያ ኪሮስ ሳቁን ሲሰሙ አቋረጡ። መጽሐፉን ገልጠው አዩት። እንደገና አዩት። እያነበቡት ይሁን እያስታወሱት መለየት አቃታቸው። ይህ ሲሆን ፊታቸውን አይቻለሁ። በሕይወቴ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ መንገድ ላይ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ኑዛዜ ከሆነ ይህም ይነገር።

ከመሪ አንስተው የግቢው ጥበቃ አደረጓቸው። በሳምንቱ እኔ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ጥቁር ቀብቼ ስክሪኑ ላይ ገጠምኩ። «ለአዲሱ ሾፌር እንዲመቸው ማሻሻያ አደረግሁ» አልኩ። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝ። አመሰገኑኝ።

አያ ኪሮስ ዕውር እየሆንኩ ነው ብለው አመኑ፤ ያዩትን ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይዳስሳሉ። ዱላ ያዙ። የጸሎት መጽሐፋቸውን ለደብሩ ሰጡት። «ለማያነብ ሰው ምን ያደርጋል» አሉ ይባላል። ጥበቃውንም ተዉት። በሁለት ጾም ጸበል ከርመው መጡ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ሰርካለም ጋራዤ ድረስ መጡ። ከመኪና ሥር ወጥቼ ቆምኩ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው እንደያዙ ተናገሩ።

«ደሳለኝ፣ ልጄ፣ የኪሮስ ዓይን ምንም አልሆነም። ምስር ስለቅም ጠጠሩን ከእኔ ቀድሞ ያወጣዋል። መርፌ ላይ ክር የሚያሾልክልኝ እሱ ነው። ይህን ስነግረው በዳሰሳ ነው ይለኛል። ደሳለኝ ያለው ነው፣ ባለሙያ አይቶ የፈረደው ነው ይለኛል። አንተ መጥተህ አንዲት ቃል ንገረው። አንተን ነው የሚያምነው።»

አንዲት ቃል። ሰው አልነበረም፣ የሚሰማን አልነበረም። ሥራዬ አይነካም፣ ስሜ አይጠፋም፤ ሰው ሁሉ ነገሩን ረስቶታል። ብናገር ምን እሆን ነበር? ምንም። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ ያዘንኩ መስዬ «እትዬ፣ ዕውርነት ሲጀምር እንዲህ ነው። አንዳንዴ ያያል፣ አንዳንዴ ይሰወርበታል» አልኳቸው። እትዬ ሰርካለም ነጠላቸውን ከጥርሳቸው ለቀቁት። «እንዲህ ነው?» አሉ። «እንዲህ ነው» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም ባለቤታቸውን እየመሩ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸው ጀመር።

ልጃቸው ከዓረብ አገር የመጣች ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ። ሰባት ዓመት አላዩዋትም። ልጅቱ እግራቸው ላይ ወድቃ ስትነሳ ፊቷ ከፊታቸው ስንዝር አይርቅም። አያ ኪሮስ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። «ከስተሻል» አሏት። ቤቱ አለቀሰ። ዓይናቸውን ቢገልጡ ኖሮ ወፍራ ባዩዋት ነበር፤ ጉንጯ ሞልቷል። ይህን ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ።

ልጅቱ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ዶክተሩ መረመረና ለዕድሜያቸው ጤነኛ ዓይን ነው፣ ለቅርብ ንባብ መነጽር ይበቃቸዋል አለ። አያ ኪሮስ «ደግ ልጅ ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው» አሉ። መነጽሩ ተገዛ። ከሣጥን አልወጣም።

ባለፈው ሰሞን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቆረጥኩ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ቀን ሄድኩ፤ አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዓይናቸው እንደ ልማዳቸው ተጨፍኗል። እግሬን ሰምተው «ደሳለኝ ነህ?» አሉ። ጠጋ ብለው ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። «አያ ኪሮስ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም» አሉ። «ጾም ሳይገባ ልታረቀው የምፈልግ ሰው አንተ ነህ። ያን ጊዜ፣ ከመኪናው ያወረዱኝ ጊዜ፣ ባንተ ላይ ክፉ አስቤ ነበር። ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው ያጠፋኝ ብዬ ዓመት ሙሉ በልቤ ረግሜሃለሁ። ለሰው አላወራሁም፤ ግን ረግሜሃለሁ። አንተ ምን አጠፋህ? የሆነውን ቀድመህ አየህ እንጂ። ነርሶቹን ይዤ ገደል ብገባ ኖሮስ? ኃጢአቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ሁሉንም፣ ጆንያውንም ቁጥሩንም፣ ይዤ ነው የመጣሁት። ይቅርታ የሚጠይቀው እኔ ነበርኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አትንገሩኝ። እኔ ያልኩትን ነው የምነግራችሁ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አያ ኪሮስ» አልኳቸው።

እጄን ፈልገው አገኙት። በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉና ሳሙት። አልነጠቅኋቸውም።